የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የፍሪማን መሬትና የቆርቆሮው ሣጥን

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኙ፤ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ መሬት ይዘው ስለኖሩ ሰፋሪዎች። በኔብራስካዋ ሊንከን ከተማ ለረጅም ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ስሠራ የሰፋሪዎችን ወረቀት ሳገላብጥ ስለኖርሁ ነገሩ ለልቤ ቅርብ ነው። ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ገጹን ሁሉ ለእነዚህ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቼን ይዤ በኔብራስካ ከቢያትሪስ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የሆምስቴድ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሄጄ ነበር። ዳንኤል ፍሪማን የሚባል ሰው በሆምስቴድ ሕግ መሬት በመያዝ የመጀመሪያው እንደሆነ ሰማን። ታላቋ ልጄ ከዚያ ወዲህ «እኩለ ሌሊት ላይ ቢሮ ከፍተውለት ነው መሬት ያገኘው» እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ይህ እውነት ነው? ሰውየው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ ኖረ? ቤተሰቡስ?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከኦማሃ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ የምትናገረው ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ነውና ትናገር። የታሪኩ አጥንት በሰነድ የተያዘ ነው፤ ሥጋው ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የመጣ። በሰነድ ከተያዘው ልጀምር።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድን ሕግ የፈረሙት ሜይ 20 ቀን 1862 ሲሆን፣ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ፣ ዜጋ የሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በመሐላ ያስታወቀ፣ በአሜሪካ መንግሥት ላይ መሣሪያ ያላነሣ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት መርጦ መያዝ ይችል ነበር። 160 ኤከር ወደ 65 ሄክታር ይጠጋል፤ በአባቶቻችን መለኪያ ከአንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ሰውየው ቤት ሠርቶ፣ አምስት ዓመት ኖሮበት፣ አርሶት ከተገኘ መሬቱ የራሱ ይሆናል። ለመንግሥት የሚከፍለው 18 ዶላር ነው፤ 12ቱን ሲያመለክት፣ 6ቱን ሲያጠናቅቅ። ያላገባች ሴትም ሆነች ባሏ የሞተባት ማመልከት ትችል ነበር። ባል ያላት ሴት ግን በራሷ ስም መያዝ አትችልም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዳንኤል ፍሪማን በ1826 በኦሃዮ ተወልዶ በኢሊኖይ ያደገ ሰው ነው። ሕክምና ተምሮ ሠርቶበታል። የእርስ በርስ ጦርነቱ በፈነዳበት ዓመት የመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች ትታበት ሞተች። ስለዚህ በዚያ በተባለው ሌሊት የምናገኘው ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ቤቱ የፈረሰበት ጎልማሳ ነው። ልጅዎ እንደ ጀብዱ ስትናገረው ይህን ብትጨምርበት ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የመሬት ጽሕፈት ቤቱ የነበረው በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባለችው ብራውንቪል ነው። እንደሚነገረው ፍሪማን በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ፣ ሲነጋ ወደ ጦሩ መመለስ ስላለበት የቢሮውን መከፈት መጠበቅ እንደማይችል አስረዳቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ በሩን ከፍቶ መዘገበው። ሰዓቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። ያለው ወረቀት የሚለው ማመልከቻ ቁጥር 1 ነው። በዚያው ቀን በየቦታው ባሉ የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ከ400 በላይ ሰዎች አመልክተዋል፤ «የመጀመሪያው» ለመባል የተከራከሩ ሌሎችም ነበሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በ1936 ባወጡት ሕግ ለመታሰቢያ የመረጡት ግን የፍሪማንን መሬት ነው።

ፓርኩን ሲጎበኙ መሬቱ አራት ማዕዘን አለመሆኑን አስተውለው ይሆናል። ብዙ ሰፋሪዎች የያዙት ግማሽ ማይል በግማሽ ማይል የሆነ ካሬ ሲሆን፣ ፍሪማን ግን አርባ አርባ ኤከር የሆኑ አራት ቁራጮችን ሦስቱን በአንድ ረድፍ፣ አራተኛውን ከመካከለኛው በላይ አድርጎ መረጠ። ቅርጹ እንደ ተገለበጠ የላቲን ፊደል ቲ ነው። ከብ ክሪክ የሚባለው ጅረት በዚያ ያልፋል፤ በጅረቱ ዳር ደግሞ ዛፍ ይበቅላል። ሣር ብቻ በሞላበት አገር ውሃና እንጨት በአንድ ላይ ያለው መሬት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው ነበር። የእኩለ ሌሊቱ ታሪክ ሲወራ ይህ ምርጫ ተረስቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ የሰውየው ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛ ሚስቱ ወደ አግነስ። አግነስ ሱተር በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካለችው የአዮዋዋ ልክሌር ከተማ ናት፤ መርከቦችን ወንዙ በድንጋይ መካከል በኃይል በሚወርድበት አስቸጋሪ ቦታ የሚያሳልፉ መሪዎች ይኖሩባት የነበረች ከተማ። እጮኛዋ የዳንኤል ወንድም ጄምስ ነበር። ጄምስ በጦርነቱ ሞተ። ዋርሳዋ ሊሆን የነበረው ዳንኤል ከሐዘኑ በኋላ ከእርሷ ጋር መጻጻፍ ጀመረ፤ ጥያቄውንም ያቀረበው በደብዳቤ ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1865 ልክሌር ላይ ተጋቡና ከሦስት መቶ ማይል በላይ ተጉዘው ኔብራስካ ገቡ። በአዮዋ በኩል የባቡር ሐዲድ ሚዙሪ ወንዝ የደረሰው ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ኔብራስካም ገና ከግዛቶቹ ተርታ አልገባችም፤ እርሱም የሆነው በ1867 ነው።

ይህችን ወጣት ሴት ሳስባት የምቆየው ብዙ ነው። በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ሰው አግብታ፣ የሌላ ሴት ልጆች ወዳሉበት ቤት፣ የሟች እጮኛዋን መልክ በወንድሙ ፊት ላይ እያየች ገባች። በዚያ ቤት የራሷን ልጆች ወልዳ አሳደገች። መሬቱ በስሟ አልነበረም፤ ባል ያላት ሴት መያዝ እንደማትችል ቀደም ብዬ ነግሬዎታለሁ። በወረቀቱ ላይ የሚገኘው «ሚስት» የምትለው ቃል ናት።

ወረቀቱን ካነሣሁ፣ በ1868 ሁለት ጎረቤቶች ለፍሪማን የሰጡትን የምስክርነት ቃል ልንገርዎ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰፋሪው በእርግጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው በዚህ ነበር። ምስክሮቹ እንደማሉት ቤቱ 14 በ20 ጫማ ነው፤ በሜትር አራት ከሩብ በስድስት ገደማ ነው። ከፊሉ ከግንድ ከፊሉ ከሳንቃ የተሠራ፣ ባለ አንድ ወለል፣ ሁለት በርና ሁለት መስኮት ያለው፣ ጣሪያው የእንጨት ክዳን፣ ወለሉ ሳንቃ። ወደ 35 ኤከር መሬት ታርሶ ታጥሯል። ጋጣ አለ፣ የበቆሎ ጎተራ አለ፣ ርዝመቱ 100 ጫማ የሆነ የበጎች ዳስ አለ። 40 የፖምና 400 ያህል የኮክ ችግኞች ተተክለዋል።

አራት መቶ ኮክ! ለሕጉ ይህ አያስፈልገውም ነበር። የታረሰ መሬትና የሚኖሩበት ቤት በቂ ነው። ኮክ የሚተክል ሰው ግን አምስት ዓመት ሞልቶ የባለቤትነት ካርታውን እስኪቀበልና መሬቱን ሸጦ እስኪሄድ የሚጠብቅ አይደለም። ሸጠው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ፤ እንዲያውም ስድስት ወር ኖሮ በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም እየከፈለ መሬቱን ወዲያው የራሱ ማድረግ ለሚፈልግ ሕጉ መንገድ ነበረው። ፍሪማኖች ቆዩ። ካርታው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1869 ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ለዚያ አገር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ነበረው። በ1874 በጋ ከሮኪ ተራሮች በኩል የመጣው አንበጣ ኔብራስካንና ካንሳስን አለበሰ። ሽንኩርቱን ከመሬት ውስጥ በልቶ ጉድጓዱን ብቻ ይተዋል፤ የሰው ላብ የነካውን የዶማ እጀታ ይፍቃል፤ ሴቶች አትክልታቸውን ለማዳን ያለበሱትን ብርድ ልብስ ጭምር ይበላል። በጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ደግሞ ጠዋቱ ሞቅ ብሎ፣ ልጆች ካፖርታቸውን ትተው ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ የበረዶ ማዕበል በድንገት ወረደ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለነበሩ አገሬው እስከ ዛሬ «የተማሪዎቹ ማዕበል» ይለዋል።

ፍሪማን በአካባቢው ሸሪፍ ሆኖ አገልግሏል፤ ጠባዩ ግን ለስላሳ አልነበረም። በሽምግልናው የአካባቢውን ትምህርት ቤት ከሰሰ። ከቤቱ የማይርቅ፣ በ1872 በጡብ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው፤ እርስዎም አይተውታል። መምህርቷ በክፍል ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ ትጸልያለች፣ መዝሙር ታስዘምራለች። ፍሪማን ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ብሎ ተነሣ። በታችኛው ፍርድ ቤት ተረታ። ወደ ኔብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደውና በ1902 ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን እንደገና አይቶ፣ መጽሐፉ በትምህርት ቤት መገኘቱ ብቻውን እንደማይከለከል፣ የአንድ ሃይማኖት ወገን ትምህርትና አምልኮ ግን እንደሚከለከል አብራራ። ያኔ ፍሪማን ሰባ ስድስት ዓመት አልፎታል። እኔ የምእመናን ልጅ ነኝና ጸሎት ሲከለከል ማንበብ ደስ አይለኝም፤ ሆኖም አንድ ሽማግሌ ገበሬ በመንደሩ ሁሉ ተጠልቶ ሕጉ ይከበር ብሎ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት መዝለቁን አከብርለታለሁ። ትምህርት ቤቱ እስከ 1967 ድረስ ልጆች አስተምሯል።

ዳንኤል በዲሴምበር 30 ቀን 1908 ሞተ፤ መሬቱን ከያዘበት ሌሊት አርባ ስድስተኛ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው። አግነስ ግን እስከ 1931 ኖረች። ከባሏ በኋላ ያሉት እነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት በጉብኝት መንገድ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። የሚቀጥለውን ጊዜ ልጆችዎን ይዘው ሲሄዱ በአግነስ መቃብር አጠገብ ትንሽ ይቁሙልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በፓርኩ ውስጥ ያለችው የግንድ ጎጆ የፍሪማኖች አይደለችም፤ በ1867 በዚያው አካባቢ ሌላ ቤተሰብ የሠራት ናት። ስፋቷ 14 በ16 ጫማ ነው። አንድ ቀን በውጭ በኩል ግድግዳዋን ተከትዬ በርምጃዬ ለካኋት፤ ስድስት በሰባት ሆነች። የሠራት ሰውና ሚስቱ አሥር ልጆች ያሳደጉት እዚያ ውስጥ ነው። ልጆችዎ ራሳቸው ይለኩት፤ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በታሪክ ክፍል ስለ ሆምስቴድ ሕግ ስንማር መሬቱ ባዶ እንደነበረ ተደርጎ ነው የቀረበልን። በእርግጥ ባዶ ነበር? ጥቁሮችስ ከዚህ መሬት ደርሷቸዋል?

ተማሪ፣ ከካንሳስ ሲቲ

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ባዶ አልነበረም። «ኔብራስካ» የሚለው ስም ራሱ ከኦቶ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ጠፍጣፋ ውሃ ሲሆን ዛሬ ፕላት የምንለውን ወንዝ ይጠሩበት ነበር። የኦቶና የሚዙሪያ ሕዝብ በማርች 1854 በተፈረመ ውል ሰፊውን አገራቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቁ፤ የቀረላቸው በቢግ ብሉ ወንዝ ዳር 10 ማይል በ25 ማይል የሆነ ክልል ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ አካባቢው ለሰፈራ ተከፈተ። ፍሪማን ኮኩን ሲተክል እነርሱ በስተደቡብ ጥቂት ማይል ርቀው ይኖሩ ነበር፤ ያውም በዚያው በጌጅ ካውንቲ። ሰፋሪዎች እየበዙ ሲመጡ የቀረውም ክልል በየተራ ተሸጠ። በ1881 ሕዝቡ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተጓዘ፤ መቀመጫቸው እስከ አሁን እዚያው ሬድ ሮክ ነው። በ160 ኤከሩ ላይ የተጻፈው «ማመልከቻ ቁጥር 1» የእነርሱን ስም አይጨምርም። መምህርህን ስለ 1854ቱ ውል በክፍል እንድታስነብባችሁ ጠይቃት።

ጥቁሮችን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ዜጋ የመባል መብት ስለተነፈጉ ወደ መሬቱ የገቡት ዘግይተው ነው፤ ዜግነታቸው በ1866ቱ ሕግና በ1868ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተረጋገጠ። በካንሳስ፣ በ1877 ከኬንታኪ የመጡ ነፃ የወጡ ሰዎች ኒቆዲሞስ የሚባለውን መንደር መሠረቱ። በሚቀጥለው ዓመት ከነልጆቿ የደረሰች አንዲት እናት ባሏ «ያውልሽ መንደሩ» ብሎ ሲያሳያት ያየችው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ የሚኖሩት በተቆፈረ ጉድጓድ ቤት ነው። አለቀሰች። ግን ቆየች። መንደሩ ዛሬም አለ። በኔብራስካ ደግሞ በ1904 የወጣው ሕግ በአሸዋማው ምዕራብ 640 ኤከር ሲፈቅድ፣ ከ1907 ጀምሮ ጥቁር ቤተሰቦች ደዊቲ የሚባለውን ሰፈር አቆሙ። ከፊሎቹ ከባርነት አምልጠው ካናዳ ገብተው የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ለክፍል ሥራህ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብትመርጥ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በሊንከን አረጋውያንን በቤታቸው እንከባከባለሁ። ከምጠብቃቸው እናቶች አንዷ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ቅድመ አያታቸው ከቦሄሚያ መጥተው በሴሊን ካውንቲ መሬት እንደያዙና መጀመሪያ በአፈር ቤት እንደኖሩ ይነግሩኛል። አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሰጥተውኝ «አንብበሽ ንገሪኝ፤ ልጆቼ ጊዜ የላቸውም» አሉኝ። ውስጡ በቼክ ቋንቋ የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ አንድ ፎቶግራፍና የመሬት ጽሕፈት ቤት ደረሰኝ አለ። ደረሰኙ ላይ የሰሜን ምዕራብ ሩብ፣ ሴክሽን 10፣ ታውንሺፕ 6 ሰሜን፣ ሬንጅ 3 ምሥራቅ ይላል። ከየት ልጀምር?

ተንከባካቢ፣ ከሊንከን

መልስ፦ እኅቴ፣ እኒያ እናት ሣጥኑን ለማን እንደሚሰጡ አውቀዋል። ጀምሪ ከደረሰኙ፤ አድራሻው እንደ ዛሬ የቤት ቁጥር ያለ ነው። የኔብራስካ ምድር ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ ታውንሺፖች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ታውንሺፕ አንድ ማይል ካሬ የሆኑ 36 ሴክሽኖች አሉት፤ የሴክሽን ሩብ ደግሞ 160 ኤከር ነው። የኔብራስካ ቆጠራ የሚነሣው ከካንሳስ ጋር ካለው ድንበር ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ታውንሺፕ ከድንበሩ ከ30 እስከ 36 ማይል ወደ ሰሜን ነው። ሬንጅ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚቆጠረው ረድፍ ነውና፣ ሦስተኛው ሬንጅ ስድስተኛው ሜሪዲያን ከሚባለው መስመር ከ12 እስከ 18 ማይል ወደ ምሥራቅ ነው። ሴሊን ካውንቲ ነው፤ ዊልበር ከምትባለው የቼኮች ከተማ የሩቅ መንገድ አይደለም። በመኪና ወስደሽ ልታሳያቸው ትችያለሽ። ልብ በይ፣ ሴክሽን 10 ተጋማሽ ቁጥር ነው። በዚያ አካባቢ ለባቡር ኩባንያው የተሰጡት ኢተጋማሾቹ ስለነበሩ ሰፋሪዎች የሚያመለክቱት በተጋማሾቹ ላይ ነበር።

ቀጥለሽ በፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ በዚህ አድራሻ የመሬቱን የባለቤትነት ካርታ ፈልጊ፤ ያለ ክፍያ ይታያል። እርሱ ላይ ባለው ቁጥር ደግሞ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተቀመጠውን የሰፋሪውን ሙሉ ፋይል ታገኛለሽ፤ የኔብራስካዎቹ በኮምፒውተርም ተጭነዋል። ዋናው ሀብት ያለው እዚያ ነው። የቤቱ ስፋት፣ መስኮቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ኤከር እንደታረሰ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደነበር በሁለት ጎረቤቶች ቃል ተጽፏል። ምስክሮቹን በንቀት አትለፊያቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ መንደር የመጡ ዘመድ ወይም አማች ናቸው። ሰውየው የውጭ አገር ሰው ስለሆነ የዜግነቱ ወረቀት ግልባጭም በፋይሉ ውስጥ አለ።

የሕዝብ ቆጠራን ስትፈልጊ የ1890ው በእሳት ስለተበላሸ አትድከሚ። በምትኩ በ1885 በኔብራስካ የተካሄደው ቆጠራ አለ። የ1880ውን የእርሻ ቆጠራም እይ፤ ስንት ላም፣ ስንት ቁና በቆሎ፣ ስንት ፓውንድ ቅቤ በዓመቱ እንደተመረተ በባል ስም ተጽፏል። ቅቤውን የናጠችው ማን እንደሆነች ላንቺ አልነግርሽም።

የአፈር ቤቱ ነገር እውነት ነው። ሣሩ ሥሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ስለሆነ፣ በልዩ ማረሻ እየተገለበጠ የተቆረጠው ጓል እንደ ጡብ ይደረደር ነበር፤ ሣሩ ወደ ታች፣ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ይወፍራል። በክረምት ይሞቃል፣ በበጋ ይቀዘቅዛል፣ ሲዘንብ ግን ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለቀናት ይንጠባጠባል። ፎቶግራፉ በውጭ፣ በደጅ የተነሣ ከሆነ፣ ከሰዎቹ በስተኋላና በጎን ያለውን በአጉሊ መነጽር ተመልከቺ። በኩስተር ካውንቲ ከ1886 ጀምሮ ሰፋሪዎችን ፎቶ ያነሣ የነበረው ሰለሞን ቡቸር ያነሣቸው ብዙ ቤተሰቦች የሚኮሩበትን ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ አውጥተው ነው የቆሙት። አንዲት እመቤት የጓል ቤቷ ለዘመዶቿ እንዳይታይ ብላ ኦርጋኗን ሜዳ ላይ አስወጥታ ከአጠገቡ ቆማለች።

ለቦሄሚያው ክፍል የመንደሩ ስም ያስፈልግሻል፤ «ቦሄሚያ» ብቻ አያደርስሽም። የአጥቢያዎቹ የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት በቼክ ቤተ መዛግብት ድረ ገጾች ላይ ይታያሉ፤ የተደረደሩት ግን በአጥቢያና በመንደር ነው። የመንደሩን ስም በደብዳቤዎቹ ራስጌ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ፣ በቼክ ቋንቋ ይታተሙ በነበሩ ጋዜጦች የሞት ዜና ውስጥ ፈልጊ። የሴቶቹ የቤተሰብ ስም መጨረሻው ብዙ ጊዜ «ኦቫ» ስለሚሆን ሌላ ቤተሰብ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤዎቹን ለትርጉም ከመስጠትሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ። የተጣጠፈውን በግድ አትዘርጊ፣ በፕላስተርም አትለጥፊ።

ይህ ሁሉ ግን እሑድ ይቆይ። ዛሬ ማታ ሻያቸውን አቅርበሽ፣ ስልክሽ ድምፅ እንዲቀዳ አድርገሽ፣ በወረቀቱ ላይ የማታገኚውን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ የቅድመ አያታቸው ሚስት ከማግባቷ በፊት ስሟ ማን ነበር?